ዘውድና ጎተራ

በአንኮበር ተራራ ራስ ላይ ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ በሰሜን ሸዋ የማያውቅ የለም። እረኞች ፍራሹን ያያሉ። ሽማግሌዎች «በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ» ብለው ሲጀምሩ ትናንት የሆነ ነገር የሚያወሩ ይመስላል። ስለ ንጉሡ ፈረስ ሰምተናል። ስለ ድግሱና ስለ ዘመቻውም ሰምተናል። ታዲያ ድግሱ ከየት መጣ? ለፈረሱ ገብስ የሰጠው ማን ነው? ይህ ብዙ ጊዜ አይወራም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሣህለ ሥላሴ የራስ ወሰን ሰገድ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ የመንዝ ሰው ናት። በ1805 ዓ.ም. ገደማ ራስ ወሰን ሰገድ ቁንዲ ላይ በሰው እጅ ተገደለ። ሣህለ ሥላሴ በዚያን ጊዜ በገዳም የሚማር የ18 ዓመት ያህል ልጅ ነበር። አልጋው ለታላቅ ወንድሙ የሚገባ ነበር። ታላቁ ወንድም ግን ሩቅ ነበር፤ ዘገየም። ሣህለ ሥላሴ ወሬውን እንደ ሰማ ተነሥቶ ቁንዲ ቀድሞ ደረሰ። ግምጃ ቤቱንም፣ ጎተራውንም፣ ሠራዊቱንም ያገኘው ቀድሞ የደረሰው ነው። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ወንድሞቹና ዘመዶቹ ይፋት ውስጥ ጎንቾ በሚባለው ተራራ ላይ ታሰሩ። ከታሰሩት የተረፉት የተፈቱት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ሲያረጅ፣ አንድ የውጭ አገር መልእክተኛ ስለ ለመነላቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ያልጠፋ ጥፋት ተቆጥሮባቸው በሰንሰለት ኖሩ። ጥፋታቸው የንጉሥ ልጅ ሆነው መወለዳቸው ብቻ ነው።

አባቱ «ራስ» ይባል ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት የሸዋ ገዢዎች «መርዕድ አዝማች» ይባሉ ነበር። ሣህለ ሥላሴ ግን በዚህ አልረካም። «የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ» ተባለ። የፈረሱ ስም አባ ዲና ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ንጉሥ» አለ እንጂ «ንጉሠ ነገሥት» አላለም። ንጉሠ ነገሥት ማለት የነገሥታት ንጉሥ ማለት ነው። ያ ስም የጎንደር ነበር።

ጎንደር ላይ የነበረው ነገር እንዲህ ነው። አፄው ዘውድ ደፍቶ በአባቶቹ ግንብ ውስጥ ይቀመጣል። ካህናት በስሙ ይጸልያሉ። ነገር ግን ትእዛዝ የሚወጣው ከእርሱ አልነበረም። ደብረ ታቦር የተቀመጠው የየጁ ራስ ነበር የሚያዘው። መጀመሪያ ራስ ጉግሣ፣ ኋላም የልጅ ልጁ ራስ አሊ የወደዱትን አፄ ያነግሣሉ፤ ያልወደዱትን ያወርዳሉ። አንዱ አፄ ሁለት ሦስት ጊዜ ወርዶ የወጣበት ጊዜ አለ። ይህን ዘመን «ዘመነ መሳፍንት» እንለዋለን። መሳፍንት ማለት በየአገሩ ያሉ ገዢዎች ማለት ነው። በጎንደር ዙሪያ ያለው ገበሬ ግብሩን የሚያገባው ለመሳፍንቱ ነው። ስለዚህ የአፄው ጎተራ ባዶ ነበር። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ወታደር አያበላም። ወታደር የሌለውን ደግሞ ማን ይፈራዋል?

ይህ በኛ አገር ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ከኛ ወደ ምሥራቅ፣ ከሕንድም ከቻይናም ማዶ፣ በባሕር የተከበበች ጃፓን የምትባል አገር አለች። እዚያም ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ ዛሬም አለ። ሣህለ ሥላሴ አንኮበር በነገሠበት ጊዜ ጃፓን ላይ ኒንኮ የሚባል ንጉሠ ነገሥት ነበር። ኒንኮ ከ1810 እስከ 1838 ዓ.ም. ነገሠ። ሁለቱ ሰዎች እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዳቸው የሌላውን ስም ሰምተው አያውቁም።

ኒንኮ የሚኖረው ኪዮቶ በሚባል ከተማ ነው። ሕዝቡ የፀሐይ አምላክ ዘር ነው ብሎ ያከብረዋል። ግን ከግቢው ወጥቶ አገሩን ልይ ቢል አይችልም። የሚገዛው ኤዶ በሚባለው ከተማ የተቀመጠው ሾጉን ነበር። ኤዶ ዛሬ ቶኪዮ የምትባለው ናት። ሾጉን ማለት የጦር አለቆች አለቃ ማለት ነው፤ የኛን ራስ ቢትወደድ አስቡ። ቶኩጋዋ የሚባል አንድ ቤተሰብ ከ1595 እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ይህን ሥልጣን ያዘው።

በጃፓን የሰው ትልቅነት የሚለካው በሩዝ ነበር። ሩዝ እህላቸው ነው፤ እንደኛ ጤፍ። ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው በሩዝ ነው። መስፈሪያው «ኮኩ» ይባላል። አንድ ኮኩ አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሰው ዓመቱን የሚበላው ነው ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ቁጥር የተማራችሁ ይህን አስሉት። ለንጉሠ ነገሥቱ ቤት የተመደበው መሬት በዓመት የሚያወጣው 30,000 ኮኩ ገደማ ነው። የሾጉኑ የራሱ መሬት የሚያወጣው 4,000,000 ኮኩ ገደማ ነው። ሾጉኑ ከ130 እጅ በላይ ይበልጣል። ኪዮቶ ላይ ዘውድ አለ፤ ሩዙ ግን ኤዶ ነው።

ከኒንኮ በፊት የነበሩት ደግሞ ከዚህም የባሱ ነበሩ። በ1518 ዓ.ም. የነገሠው ጎ ናራ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት የዘውድ በዓሉን የሚያከብርበት ገንዘብ አጥቶ 10 ዓመት ጠብቋል። የሚኖረውም የእጅ ጽሑፉን እየሸጠ ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ሲሰማ ሳያዝንም ሳይስቅም አይቀርም። በጽሑፉ እንጀራውን ያገኘ ንጉሥ!

ሣህለ ሥላሴ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። ትልቁ ስም የለውም። ጎተራው ግን ሙሉ ነው። እንዴት ሞላ?

አንኮበርን የምታውቁ አገሩ እንዴት እንደ ተቀመጠ ታውቃላችሁ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ደጋው ነው፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ ከዚያ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ስትወርዱ ወይና ደጋው ይቀበላችኋል፤ ጤፉና ማሽላው እዚያ ነው። ከዚያ በታች ቆላው አለ፤ ጥጡ፣ በርበሬው። ከቆላው ወዲያ ደግሞ የአፋር በረሃ ነው፤ ከዚያ በግመል አሞሌ ጨው ይመጣል። አንኮበር በደጋና በቆላ ድንበር ላይ የተቀመጠ በር ነው። የወጣውም የወረደውም በዚያ ያልፋል። ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ነበር። የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር ነጋዴ፣ የአርጎባ ሸማኔ እዚያ ይገናኛል። ቡናው፣ ጨርቁ፣ ጨው፣ የዝሆን ጥርሱ እዚያ ይሸጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብ የተጋዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እየተቆጠሩ ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። ንጉሡ ከጨውም፣ ከሰውም ቀረጥ ይወስዳል። ይህን መደበቅ አይገባም።

ዋናው ግን ቀረጡ አልነበረም። ዋናው ገበሬው ነበር። ገባር የተባለው ገበሬ ከምርቱ እህል ያገባል። ንብ ያለው ማር ያገባል። ከብት ያለው ለበዓል ሙክት ወይም ሰንጋ ይነዳል። እንጨት ፈልጦ፣ አጥር አጥሮ፣ ቤት ሠርቶ ያገለግላል። ከዚህም ሌላ ሁዳድ አለ። ሁዳድ የንጉሡ ወይም የጌታው የራሱ እርሻ ነው። የሚያርሰው፣ የሚያርመው፣ የሚያጭደው፣ የሚወቃው ግን ገባሩ ነው። ዐቢይ ጾምን «ሁዳዴ» የምንለው ከዚሁ ቃል የመጣ ነው ይባላል። ዝናብ ጥሎ መሬት ሲረጥብ በመጀመሪያ የሚታረሰው የማን ነው? የሁዳዱ ነው። የገበሬው የራሱ ማሳ ይጠብቃል። ማሳ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እህሉ በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃንና በአንጎለላ ይከማቻል። ንጉሡም በእነዚህ ሦስት ከተሞች እየተዘዋወረ ይቀመጣል። አንጎለላን የከተማት እርሱ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ወደ ኦሮሞ አገር ይዘምታል። ያዩት የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ሣህለ ሥላሴ በማለዳ የሚነሣ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ግምጃ ቤቱን ራሱ ይጎበኛል። አንጥረኛው፣ ጠመንጃ ጠጋኙ፣ ሸማኔው ወደሚሠራበት ሄዶ ሥራውን ያያል። ከዚያ ችሎት ተቀምጦ የድሃውንም የጌታውንም ክርክር ይሰማል። ሰነፍ አልነበረም። ጠመንጃ በአገሩ ውስጥ በእርሱ እጅ ብቻ እንዲከማች ያደርግ ነበር። ነፍጠኛው ወታደር የሚበላው ከንጉሡ ጎተራ ነው፤ የሚተኩሰውም በንጉሡ ጠመንጃ ነው። ስለዚህ መኳንንቱ ሊያምፁበት ቢያስቡ ሁለቴ ያስባሉ። መዶቆ የተባለው የጦር አለቃው ግን አመፀ። አንድ ጊዜ ምሕረት አገኘ። እንደ ገና ሲያምፅ ተገደለ።

ዘመቻው በየዓመቱ ነበር። ስለ ዘመቻው በሸዋ በጀግንነት ብቻ ይወራል። የዘመተበት አገር ሰው ግን እንደዚያ አያወራም። በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዙ እንግሊዞች ያዩትን ጽፈዋል። የኦሮሞ ገበሬዎች መንደር ይቃጠላል፤ ከብት በመንጋ ይነዳል፤ ሴቶችና ልጆች ይማረካሉ። ለንጉሡ የገበረው የኦሮሞ ባላባት ይሾማል፤ ከንጉሡ ጋርም ይዛመዳል። ያልገበረው ይዘረፋል። እንግዲህ ጎተራው የሚሞላው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ የሸዋ ገባር ላብ ነው። ሁለተኛው የጎረቤት ገበሬ ደም ነው። ወታደሩ ራሱ ማን ነበር? የገበሬ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን እንምጣ። በ1820ዎቹ ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ዝናብ ቀረ። ከብት አለቀ። ረኃብ ገባ። ከረኃቡ ጋር ኮሌራ መጣ። ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ያን ጊዜ ሣህለ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ከፈተ። የተራበው ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት መጣ፤ ተሰፈረለት። ብዙ ሰው በዚህ እህል ተረፈ። የሸዋ ሰው ሣህለ ሥላሴን እስከ ዛሬ በደግነት የሚያነሣው ለዚህ ነው።

እኛ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ደግ ንጉሥ ነበር» አልን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «የሰጣቸው የራሳቸውን እህል ነው፤ ምን ደግነት አለው?» አልን። ሁለቱም እውነት ነው። እህሉ ከገበሬው ወጥቶ ወደ ገበሬው ተመለሰ። ሁዳዱን ማረስ ባይኖርበት ኖሮ ገበሬው የራሱን ጎተራ ይሞላ ነበር። ለንጉሥ ደጅ ባልቆመም ነበር። ነገር ግን ጎተራውን ዘግቶ የተቀመጠ ገዢም አለ። የሚከፍተውንና የሚዘጋውን አንድ ማድረግ አይቻልም።

የዘጋው የት አለ ብትሉ፣ እዚያው ጃፓን ነው። በዚያው በ1820ዎቹ ዓ.ም. ጃፓንም ተራበ። ከ1825 እስከ 1829 ዓ.ም. ብርዱና ዝናቡ ሩዙን አጠፋው። ኦሳካ በምትባል የነጋዴዎች ከተማ ሩዝ በመጋዘን ተከማችቶ ነበር። ሹሞቹ ግን ሩዙን ወደ ሾጉኑ ከተማ ወደ ኤዶ ላኩት። በኦሳካ ሰው እየሞተ ሩዝ በመርከብ ይጫናል። ኦሺዮ ሄይሃቺሮ የሚባል አንድ መምህር ነበር። ቀድሞ የመንግሥት ሹም የነበረ ነው። ሹሞቹን ለመነ፤ አልሰሙትም። መጻሕፍቱን ሸጠና ገንዘቡን ለድሆች አካፈለ። ያም አልበቃ አለ። በ1829 ዓ.ም. ደቀ መዛሙርቱንና ገበሬዎችን አስከትሎ ተነሣ። አመፁ በአንድ ቀን ተደመሰሰ፤ ከከተማዋ ከፊሉ ተቃጠለ። ኦሺዮም ሲከበብ ራሱን ገደለ። ኒንኮ በዚህ ሁሉ ጊዜ ኪዮቶ ነው። ቢራራም የሚከፍተው ጎተራ በእጁ የለም።

በሣህለ ሥላሴ ዘመን አዲስ ነገር ወደ ሸዋ መምጣት ጀምሮ ነበር። በ1831 ዓ.ም. ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉ ጀርመናውያን ሚስዮናውያን መጡ። ከእነርሱ በኋላ ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ መጣ። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ከመንግሥቱ ተልኮ ጠመንጃና መድፍ፣ ሌላም ስጦታ በግመል አስጭኖ ደረሰ። ቀደም ብለን የጠቀስነው፣ ጎንቾ የታሰሩትን ያስፈታው መልእክተኛ ይህ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ። በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋርም ተዋዋለ። እንግሊዞቹ የፈለጉት ንግድ ነው። ንጉሡ የፈለገው ጠመንጃ ነው። ክራፕፍን ግን ከአገር ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ከለከለው።

ከመጣው ነገር ሁሉ ለኛ የሚያስቆጨን አንድ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ባለሙያ ለንጉሡ በውኃ የሚሠራ ወፍጮ ሠራለት። በዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ዱቄት የሚፈጩት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ባሮች ናቸው። በሺ ለሚቆጠር ወታደር እንጀራ የሚሆን ዱቄት በድንጋይ ላይ በእጅ ይፈጫል። ወፍጮ ፈጭታ የምታውቅ እናት ይህን ታስበው። ወገቧን፣ መዳፏን፣ ሌሊቱን ታስበው። ውኃው መንኰራኵሩን ሲያዞረውና ድንጋዩ ያለ ሰው እጅ ሲፈጭ ካህናቱ አዩ። «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ። ወፍጮው ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ንጉሡ ጠመንጃውን ማንም ሰይጣን ነው ቢለው አያስወጣውም ነበር። ወፍጮውን ግን ተወው። ሴቶቹም ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።

ሣህለ ሥላሴ 34 ዓመት ያህል ገዝቶ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሞተ። ኒንኮ የሞተው ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። አልጋውን የወረሰው የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ብዙ አልቆየም። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ ሲዘምት ታሞ ሞተ። ቴዎድሮስ አንኮበርን ያዘ። በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የተወለደውን የኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማርኮ ወሰደው። ልጁ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ከመቅደላ ያመለጠው በ1857 ዓ.ም. ነው። ሸዋን መልሶ ያዘ፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ አያቱ ያልደፈረውን ስም ወሰደ። ንጉሠ ነገሥት ተባለ።

በጃፓንም ነገሩ የተለወጠው በልጅ ልጅ ዘመን ነው። የኒንኮ የልጅ ልጅ ሜጂ በ1860 ዓ.ም. የሾጉኑ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ከኪዮቶ ወጥቶ ኤዶ ገባ። ዘውዱና ሩዙ በአንድ ቤት ተገናኙ። በ1865 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጣ። ገበሬው ከእንግዲህ የሚከፍለው በሩዝ መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ሆነ። ከመሬቱ ዋጋ ከመቶ 3 እጅ ይከፍላል፤ ምርት ቢሰጥም ባይሰጥም ነው። በዓመት በዓመቱ የጃፓን ገበሬ በየአውራጃው ተነሣ። በ1869 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ከመቶ 2 ተኩል ዝቅ አደረገው።

በአንኮበር ግን ሁዳዱም፣ ግብሩም፣ ሙክቱም ቀጠለ። ጌታው ተለዋወጠ እንጂ ገባሩ ያው ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን፣ ጭሰኛም ለባለ መሬት ከመክፈልና ከማገልገል ነፃ እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሣህለ ሥላሴ ከሞተ 127 ዓመት ሆኖት ነበር።